ነጩ ጠጠር

«ይቺ ጥቁሯ ሸጋ ናት» አሉ አባባ፣ የከዘራቸውን ጫፍ ቀዩ ድንጋይ ላይ አሳርፈው።

ምስጢር ሳቀች። አያቷ መሪጌታ ዕንባቆም ቀልደው ካልተሳቀላቸው እስከ ማታ ያኮርፋሉ፤ ስለዚህ የቤቱ ሰው ሁሉ ቀልዱ ገባውም አልገባው ይስቃል። እሳቸው ግን አብረዋት አልሳቁም። ምን እንዳሳቃት እንዲነገራቸው የሚጠብቁ ይመስል ጆሯቸውን ወደ እሷ ዘንበል አድርገው ቆሙ።

«አባባ፣ ቀይ እኮ ነው።»

«ታዲያ ምን አልኩ? ቀይ ነው ያልኩት።»

«ጥቁር ነው ያሉት።»

«ምነው አንቺ ልጅ፣ ጆሮሽን ትምህርት ቤት ትተሽው መጣሽ?»

ሦስቱ ድንጋዮች በረንዳው ፊት በተዘረጋ ባዶ ማዳበሪያ ላይ ተደርድረዋል። እያንዳንዳቸው ቡጢ ያህላሉ። ከአይከል በኩል በአይሱዙ ጠጠር እያመጡ የሚሸጡት አያ ታከለ ናቸው ለናሙና ጥለዋቸው የሄዱት። ሐሙስ ደግሞ የጠጠሩን ጭነት ይዘው ይመጣሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጭቃው ሳይጠራ እስከ ሶፋው ድረስ የሚገባበት የቁስቋሙ ግቢያቸው ዘንድሮ ጠጠር ሊለብስ ነው፤ ያውም ኅዳር ስድስት፣ ቁስቋም ስትነግሥ፣ ካህናቱና ጎረቤቱ ለጠበል ጠዲቅ ከመምጣታቸው በፊት።

ቀለም መራጯ ምስጢር ናት። ስምንተኛ ክፍል ስትፈተን አባቷ «ከሰማንያ በላይ ካመጣሽ የፈለግሽውን» ብሏት ነበር። ሰማንያ ስድስት አመጣችና ስልክ ጠየቀች። አባቷ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ከጥያቄ ማምለጥ የሚያውቅበት ሰው ነው። «ከስልክ የሚበልጥ ነገር አለኝ፤ የግቢያችንን መልክ አንቺ ትወስኛለሽ» አላትና ለሥልጠና ባሕር ዳር ሄደ። ስልክ ለምና ድንጋይ የተሰጣት ልጅ በመላው ጎንደር ሌላ መኖሯን ምስጢር ትጠራጠራለች። ሥልጣን ግን ሥልጣን ነው። አሁን የዘጠነኛ «ለ» ተማሪ በሙሉ ስለ ግቢዋ ያውቃል፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም ከሚፈልጉት በላይ ያውቃሉ።

ጠዋት እናቷ ወደ ሥራ ስትወጣ ድንጋዮቹን ለአባባ አሳይታቸው ነበር። «ከግራ ጥቁር፣ መሐል ቀይ፣ ዳር ነጭ» ብላ። ከትምህርት ቤት መልስ ግን ጓደኛዋ ነጃት ፎቶ ላንሳ ብላ ቀዩን ወደ ግራ፣ ጥቁሩን ወደ መሐል አዛወረችው። አባባ ይህን አላወቁም። ማወቅስ ለምን ያስፈልጋቸዋል? ዓይን ያለው ሰው ያየዋል።

የምስጢር ሐሳብ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቋ ቆመ።

መሪጌታ ዕንባቆም ማኅሌት መሪ ብቻ አይደሉም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ላይ የጻፉ ቁም ጸሐፊም ናቸው። ጥቁሩን ቀለም ራሳቸው ይበጠብጡታል፣ ቀዩንም እንዲሁ። ቀዩ የሚወጣው ለቅዱሳን ስም ብቻ ነው። ምስጢር በስድስት ዓመቷ ቀለማቸውን ሰርቃ የራሷን ስም በቀይ ጽፋ ብታሳያቸው፣ «ጻድቅ ስትሆኚ እንደርስበታለን» ብለው በጨርቅ ጠርገውታል። አባባ በሽንኩርት ዋጋ ሊሳሳቱ ይችላሉ። በእሷ ልደት በየዓመቱ ይሳሳታሉ። በቀይና በጥቁር ግን አይሳሳቱም።

ነጩን አንስታ ፀሐዩ ላይ ያዘችው። «ይሄስ?»

«ነጭ።»

ነጩን አስቀምጣ ቀዩን አነሳች። «ይሄስ?»

ዓይናቸው ድንጋዩን ሳይሆን በትከሻዋ ላይ አልፎ አጥሩን ያይ ነበር። «ፈተና ላይ ነኝ እንዴ?» አሉ በመጨረሻ።

«ይመልሱ እንጂ።»

«እሱማ… ጥቁር።»

አሁን ሁለቱም አልሳቁም። አባባ የበረንዳውን ጠርዝ በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡና ከዘራውን በጉልበታቸው መሐል አቆሙት። ከፋሲካ ወዲህ ነው አሉ። መጀመሪያ ጢስ ነገር ነበር፤ ኋላ ጉም ሆነ። ቀይና ጥቁር አንድ ሆነውባቸዋል። ሰውን የሚለዩት በድምፁና በኮቴው ነው። ደህና አድርጎ የሚታያቸው ፀሐይ ያረፈበት ነጭ ነገር ብቻ ነው።

ምስጢር ማለዳ ማለዳ የሚደግሙበት የጸሎት መጽሐፍ ትዝ አላት። ቅጠሉን ልክ በቦታው ሲገልጡ ትናንት አይታቸዋለች። እሱንስ እንዴት ነው የሚያነቡት?

«የሚገልጠው እጄ ነው። የሚያነበው እዚህ ያለው ነው» ብለው ደረታቸውን መታ መታ አደረጉ። በልጅነቱ በቃሉ ያጠና ሰው መጽሐፍ የሚይዘው ለመጽሐፉ ክብር ነው አሉ። ምስጢር በሆዷ ቀናች፤ እሷ የባዮሎጂ መጽሐፍ ፊቷ ተከፍቶ ተቀምጦም መልሱን አታገኘውም።

እናቷ መስማት አለባት። እናቷ ሲስተር ለተ ማርያም እኮ ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ናት፤ ለዚያውም የአባባ የገዛ ልጅ። ምስጢር ይህን ስትል አባባ እጇን ያዙት። አምና ጎረቤታቸው መምሬ ኃይለ ማርያም አንድ ቀን ተሰናክለው ወደቁ። ልጆቻቸው ከፍቅር ብዛት ተረባርበው ቤት አስቀመጧቸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ቴሌቪዥን ፊት ተተክለው የማይገባቸውን የእንግሊዝ ኳስ ያያሉ።

«የኅዳር ስድስቱን ማኅሌት የምመራው እኔ ነኝ» አሉ አባባ። «ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን አልቀረሁ። እሱ ይለፍልኝ፤ በማግስቱ ራሴው እነግራታለሁ። እስከዚያ ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። ቃል ግቢልኝ።»

ምስጢር ቃል ገባች። አሥር ቀን ነው የቀረው። በአሥር ቀን ምን ይመጣል?

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩ የአብነት ትምህርት መሰለ። እናቷ ከመምጣቷ በፊት ምስጢር አባባን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ታስቀጽላቸዋለች፤ እሷ ትላለች፣ እሳቸው ይደግማሉ። ከግራ ቀይ፣ መሐል ጥቁር፣ ዳር ነጭ። ስንቱን ተማሪ እንዲህ ያስጠኑ ሰው በልጅ ልጃቸው እጅ ተማሪ ሆኑ። አንዴ ሲሉት ያዙት። ሦስተኛውን፣ ነጩን፣ ለወጉ ነው ያሉት።

እናቷ እጇን እየታጠበች የልጅ ልጅዎ የቱን መረጠች ብላ ጠየቀቻቸው። አባባ ምን የመሰለ ትወና ሠሩ። ተነሥተው በከዘራቸው አንድ በአንድ እየነኩ፣ «ይቺን ቀይና ይቺን ጥቁር አጋብታ ልትዘረጋ ነው። ነጯን ግን ንቃታለች» አሉ።

«ነጩ ምን አደረገሽ?» አለች እናቷ።

«ሆስፒታል ይመስላል። የሥራ ቦታሽ አይበቃሽም?»

እናቷ ሳቀችና ወደ ሽሮዋ ዞረች። አባባ በገበታው ሥር የምስጢርን እጅ ጨበጥ አደረጉት። ምስጢር ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ ግን ስሜቱን ታውቀዋለች። ፈተና ላይ ለጓደኛ መልስ ማሳየት ነው። ጓደኛሽ ያልፋል፣ አንቺም ጀግና ትሆኛለሽ፤ ትምህርቱን ግን አሁንም አያውቀውም።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነጃት አብራት መጣች፤ ንድፉን ይዛ። ነጃት ከአዲስ ዓለም ሠፈር ናት፤ ስልክ አላት፣ በስልኳም ውስጥ የዓለም ግቢ በሙሉ አለ። ንድፉ የሷ ነው። መንገዱ ከውጭው በር ተነስቶ በኮክ ዛፏ ዙሪያ እንደ እባብ ይጥመለመልና በረንዳው ላይ ይደርሳል። መንገዱ ራሱ ጥቁር፣ ግራና ቀኙ ቀይ። ምስጢር ቀጥ ቢልስ ብላ ነበር፣ ለወጉ ያህል።

«ቀጥ ያለ መንገድ የፋራ ነው» አለች ነጃት። «ቀጥ ብሎማ አህያም ይሄዳል።»

በአመድ መስመሩን አሰመሩ። ከዚያ ጠርዙ ላይ ትልልቅ ድንጋይ ስለሚተከል፣ በመስመሩ ላይ በዶማ እየተፈራረቁ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቦይ ቆፈሩ። ቦዩ ጥምልምል ብሎ ሄዶ የድሮውን መንገድ መሐሉ ላይ ቆረጠው። ነጃት አጥሩ ላይ ወጥታ ከላይ ፎቶ አነሳችውና ለክፍላቸው ግሩፕ ላከችው። ያማረ ነበር፤ ምስጢር ቀኑን ሙሉ ያሰበችው ሌላ ነገር አልነበረም። ስለ አባባ አላሰበችም። ቤተ ክርስቲያን እንዴት ደርሰው እንደሚመለሱ ሰኞ ስትጠይቃቸው «እግሬ ያውቀዋል» ብለዋታል፤ አመነቻቸው።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ የውጭው በር ተከፈተ። አባባ ተማሪዎቻቸውን አሰናብተው መጡ። ጋቢያቸውን አጣፍተዋል፤ ከንፈራቸው እንደ ሁልጊዜው ይንቀሳቀሳል። ያንን የከንፈር እንቅስቃሴ ምስጢር ከወራት ወዲህ ታውቀዋለች። ጸሎት ነው ብላ ነው የምታልፈው።

እንደ ልማዳቸው ቀጥ ብለው መጡ። ወደ ቦዩ።

ምስጢር አፏን ከፈተች። «ጉድጓድ» ብላ ብትጮህ ነጃት ዞር ብላ ታያታለች፤ ቤት ውስጥ ያለችው እናቷም ትሰማለች። በጠራ ብርሃን፣ ዓይናቸው ወደ ቦዩ ዞሮ፣ ለምን ጉድጓድ አለ ተብሎ ይነገራቸዋል? አንዲት ትንፋሽ ያህል አመነታች። አንዲት ትንፋሽ ደግሞ አንድ እርምጃ ናት።

አባባ በጉልበታቸው ወደቁ። ከዘራቸው በሮ ኮክ ዛፏ ሥር አረፈ።

አልተሰበሩም። ቅልጥማቸው ላይ ቆዳው ተልጦ ደም ወጣ፤ እሳቸውም ጫማው ሰፍቶኝ ነው አሉ። እናቷ ከቤት ሮጣ ወጥታ አነሳቻቸው፣ አጠበቻቸው፣ አሰረችላቸው። ከጨረሰች በኋላ ምስጢርን ለብቻዋ ጠርታ፣ ሰው በሚያልፍበት ላይ ክፍት ቦይ ትቶ መጫወት የስንት ዓመት ልጅ ሥራ እንደሆነ ጠየቀቻት። ምስጢር መልስ ነበራት። አልመለሰችም። ጥፋቱ የሷ አይደለም ብላ መከራከር የምትወድ ልጅ አንገቷን ደፍታ ስትቆም፣ እናቷ ግራ ገብቷት ተመልሳ ገባች።

ነጃት ልትሄድ ስትል በሩ ጋ ክንዷን ያዘቻት።

«ምስጢር፣ አያትሽ ቦዩን እያዩት ነው እኮ የገቡበት።»

«ጫማቸው ሰፍቷቸው ነው።»

«እሺ» አለች ነጃት። ያላመነ ሰው እሺ ነው። «ነገ አያ ታከለ ሲመጡ እኔም አለሁ።»

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አባባ የታሰረውን እግራቸውን ዘርግተው በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ምስጢር አጠገባቸው ቁጭ አለች። ቦዩ ፊቷ ተጋድሟል፤ አሁን እባብ ነው የሚመስለው፣ የምር እባብ።

«አባባ፣ ሲራመዱ ምንድን ነው የሚሉት?»

«መቼ?»

«ከበሩ ሲገቡ። ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል።»

አባባ በግዕዝ መቁጠር ጀመሩ። አሐዱ፣ ክልኤቱ፣ ሠለስቱ። ለዜማ የተሠራ ድምፅ ስላላቸው ቁጥሩ ራሱ ማኅሌት መሰለ። «ዕሥራ ወክልኤቱ ላይ ደረጃው ነው» አሉ። ሃያ ሁለት እርምጃ፣ ቀጥ ብሎ። ከበሩ ውጪ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለውም የራሱ ቁጥር አለው። ዛሬ አሥራ አራተኛው ላይ ነው መሬቱ የከዳቸው።

«መንገዱን እንደምናጣምመው ያውቁ ነበር?»

«ስለ ንድፉ ስታወሪ ሰምቻለሁ። ዳር ዳሩን መስሎኝ ነበር።»

«ለምን መንገዱን አትንኩት አላሉኝም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አሉ አባባ።

ምስጢር ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነገር በቀልድ ታልፈዋለች፤ አሁን ግን ቀልዱ አልመጣ አለ። ሰውዬው ሃያ ሁለት እርምጃ ነበረቻቸው፤ እሷ ለፎቶ ብላ ቆረጠቻት።

«ነገ አያ ታከለ ሲመጡ» አለች፣ «እማዬ የቱ ይሁን ብላ እንደገና ትጠይቅዎታለች። ጠጠሩ አዲስ ክምር ነው፤ አደራደሩን አያውቁትም።»

«ትነግሪኛለሻ።»

«አልነግርዎትም።»

አባባ ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱ። «ቃል ገብተሽልኝ የለም?»

«ለእማዬ አልነግራትም ነው ያልኩት። እሱን አላፈርስም፤ አንድ ቃል አይወጣኝም። ግን ለእርስዎም አልነግርዎትም።»

የአባባ የጢም ጫፍ ተንቀሳቀሰ። «ይቺማ የቅኔ ቤት ክርክር ናት» አሉ። «ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ።»

እሺም እንቢም ሳይሉ ተነሡ። የበረንዳውን ግድግዳ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ገቡ። ምስጢር እስኪጨልም ድረስ ቦዩን በአካፋ ስትደፍን ቆየች። ያለ ንድፍ፣ ያለ ፎቶ።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የአያ ታከለ አይሱዙ ግቢው በር ላይ ቆማ ስታጓራ ምስጢርና ነጃት ደረሱ። አያ ታከለ ገራገር ሰው ናቸው፤ ገዢ ካልቀለደላቸው ዋጋ አይቀንሱም ይባላል። ደንበኛ አይቶ ይምረጥ ብለው ሦስቱንም ዓይነት ጭነው መጥተዋል፤ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ከረጢት አውርደው ደጃፉ ላይ ሦስት ክምር ዘረገፉ። የከሰዓቱ ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ አርፎባቸዋል። ቀዩ የተጠበሰ በርበሬ ይመስላል፤ ጥቁሩ ያብረቀርቃል። ነጩ ነጭ ነው፤ ስለ ነጭ ምን ይባላል?

እናቷ የሥራ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ከምስጢር ኋላ ቆመች። ነጃት አጥሩን ተደግፋ ስልኳን ኪሷ ከታለች፤ ይህ ለነጃት ትልቅ ነገር ነው። አባባ ከበረንዳው ወርደው በቀስታ መጡ። እግራቸው እንደታሰረ ነው።

«አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱን» አለች እናቷ። «ይቺ ልጅ ትናንት ቦዩን ስትቆፍር ውላ ማታ መልሳ ደፍናዋለች፤ ሐሳቧን አላውቀውም። ከነዚህ የቱ ይሁን?»

አባባ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተክለው ቆሙ። ግራ እጃቸው በጎናቸው በኩል ትንሽ ወጣ አለ። ምስጢር ገባት፤ እጇን እየፈለጉ ነው። ሄዳ ያዘችላቸው። እጇን ሰጠቻቸው፣ ድምፅዋን ግን አልሰጠቻቸውም። «ከግራ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጥርሷን ነከሰች።

ከዘራው ከመሬቱ አልተነሣም።

«የኔታ፣ ቅኔ ሊቆጥሩብን ነው እንዴ?» አሉ አያ ታከለ። «ጠጠር እኮ ነው።»

«ታከለ» አሉ አባባ። «ስንት ክምር ነው ያወረድከው?»

«ሦስት ነዋ የኔታ።»

«እኔ የማየው አንድ ነው።»

የአይሱዙዋ ሞተር እንኳ የጠፋ መሰለ። እናቷ ቦርሳዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«የትኛውን ነው የሚያዩት አባባ?»

ከዘራው ተነሣ፣ ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ነጩ ላይ አረፈ።

እናቷ ቀርባ አገጫቸውን ይዛ ፊታቸውን ወደ ፀሐዩ መለሰችው፤ ለስንት ሰው ስታደርገው የኖረችውን። አንዱን ዓይን አየች፣ ሌላውን አየች። ከመቼ ጀምሮ ብላ ጠየቀች። ከፋሲካ አሉ። ዞር ብላ ምስጢርን አየቻት፤ ምስጢር የጫማዋን ማሰሪያ መመርመር ጀመረች።

«እሷን ተያት» አሉ አባባ። «ቃል አስገብቻት ነው። ደግሞ ጠብቃዋለች፤ እኔ ነኝ የተናገርኩት።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ለተ ማርያም፣ ማኅሌቱን ብቻ አታስቀሪኝ። ከዚያ በኋላ ያልሽኝ ቦታ እቀመጣለሁ።»

በዓይናቸው አይደለም እኮ የሚያዜሙት አለች እናቷ፤ ማን ከማኅሌት ያስቀራቸዋል? የምትከለክላቸው ብቻቸውን መሄዱን ነው። የዓይን ሞራ ይመስላል፤ ሞራ ከሆነ ይነሳል፤ የሚያየው ግን ሐኪሙ ነው። ከበዓሉ በኋላ ኅዳር ዘጠኝ ቀጠሮ ታስይዛለች። እስከዚያ በሄዱበት ምስጢር አብራቸው ትሄዳለች።

«ማኅሌቱ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ነው» አለች ምስጢር።

«አዎ» አለች እናቷ።

ምስጢር ወደ ሰማይ አየች። ሰማዩ ከእናቷ ጎን ነበር።

«እንግዲህ እኔን ንገሩኝ» አሉ አያ ታከለ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን አበስ አድርገው፣ አቧራ ገባብኝ ለማለት ቸኩለዋል። «ቀይና ጥቁር ነበር የተባልኩት። የቱን ላራግፍ?»

ሁሉም ወደ ምስጢር ዞሩ። ለካ ሥልጣኑ አሁንም የሷ ነው። ለዘጠነኛ «ለ» የነዛችውን ጉራ ሁሉ አሰበች። ትናንት በግሩፑ ላይ የወጣውን ፎቶና ሥሩ የተደረደረውን የእሳት ምልክት አሰበች። ነገ ክፍል ስትገባ ሙድ የሚይዙባትን ሦስት ልጆች በስማቸው ታውቃቸዋለች።

«መንገዱ ነጭ» አለች። «ዳሩ ጥቁር ይሁን፤ ነጩ ጎልቶ እንዲታይ። ቀጥ ያለ።»

«ሆስፒታል ይመስላል ብለሽ የለም?» አለች እናቷ።

«ጥሩ ሆስፒታል።»

ነጃት አጥሩን ለቃ መጣች። ከቦርሳዋ ሲባጎ አውጥታ አንዱን ጫፍ ለምስጢር ሰጠቻት፤ ሲባጎ ይዛ መምጣቷን ምስጢር አሁን ነው ያየችው። አንዷ ከደረጃው፣ አንዷ ከበሩ ሆነው ወጠሩት።

«ቀጥ ያለ መንገድ የፋራ ነው ያለው ማን ነበር?» አለች ምስጢር።

«ፋራነት ተመልሶ መጥቷል። ቪዲዮ አታዪም እንዴ? ስልክ የለሽም ለካ።»

አያ ታከለና ረዳታቸው እያወረዱ፣ ልጆቹ በሬክ እየበተኑ፣ ነጩ ከበሩ ጀምሮ መጣ። አባባ መንገዱ ዳር ወንበር ወጥቶላቸው ተቀመጡ፤ ግን አልቻሉም፣ ተነሡ። አንድ ሁለቴ ወጣ ገባ አሉበት። ኮቴያቸው ሲንኮሻኮሽ ሰምተው ፈገግ አሉ። ሲቆጥሩም ተሰሙ፤ አሁን ከንፈራቸውን ሳይደብቁ፣ ጮክ ብለው። ዘጠነኛው ላይ አያ ታከለ አብረው ቆጠሩ፤ በአማርኛ።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል የቀረው ደረጃው ሥር ያለው ትንሽ ቦታ ብቻ ነበር። ሃያ ሁለተኛዋ እርምጃ የምታርፍበት። ምስጢር ተንበርክካ ነጩን በእጇ ደለደለችው። ከዚያ በረንዳው ላይ የቀሩትን ሦስት ናሙናዎች አየች። ቀዩን አነሳች፣ ቡጢ የሚያህለውን። ለእግር እንዳያሰናክል ከእርምጃዋ ጎን፣ ደረጃውን አስጠግታ ጉድጓድ ማሰችለትና ጀርባው ብቻ ከነጩ እኩል እስኪታይ ድረስ ቀበረችው።

እናቷ ከበረንዳው እያየቻት ነበር። «እሱ ለምንድን ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ከቀጠሮው በኋላ ራሳቸው ያዩታል» አለች ምስጢር፣ እሷም ዝቅ አድርጋ።

እናቷ ቀዩን ድንጋይ አየችው፣ አባቷን አየቻቸው። አባባ ከመንገዱ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከበሩ ጋ፣ ከዘራቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል።

«ጨረስሽ?» አሉ።

ምስጢር የእጇን አፈር አራገፈች።

«ጨርሻለሁ» አለች። ስለ ቀዩ አልነገረቻቸውም።